የትኛው ሚካኤል?

ጅቡቲ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1920 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ልጅ ለፉፋ፤

ሰማይን ያለ ምሰሶ ያቆመ አምላክ አንተንም በጤና ያቁምህ። እኔ ስሙ ይመስገን ደህና ነኝ፤ የጅቡቲ ሙቀት ግን ለሰው ልጅ የተሠራ አይደለም።

ከጻፍሁልህ ዓመት ማለፉን አውቃለሁ። ዛሬ የምጽፈው የምሥራች ስላለኝ ነው። በአስተርጓሚነት የማገለግለው ፈረንሳዊ ነጋዴ ሙሴ ፎርኒል አዳማ ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ የቆዳና የቡና መጋዘን ሊከፍት ቁርጥ አድርጓል። ከአርሲ የሚወጣውን ጭነት እዚያው መዝኖ ሊረከብ ነው። ትልቅ ሚዛንም ከባሕር ማዶ አዟል። ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ባለጭነቱን በኦሮምኛም በአማርኛም የሚያነጋግር፣ ቁጥር የሚጽፍ ሰው ቢፈልግ የአንተን ስም ጠራሁለት። «የሥጋ ዘመዴ ነው፣ ዋሱ እኔ ነኝ» አልሁት። ራሱን ነቀነቀና «በሚካኤል ሥራውን ይጀምር» አለ።

አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በልጅነታችን እኔን ከወንዝ ያወጣኝ ሰው ነው። ይህን ውለታ ለልጁ መመለሴ ነው። አደራህን፣ ያንን ቀልድህን ደጅ ጥለኸው ግባ። ሚዛን ቀልድ አያውቅም።

ያባትህ ያጎት ልጅ
ገርባ


አዳማ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1920 ዓ.ም.

ለአያ ገርባ፣ ለፈረንጅ አፍ፣ ለጅቡቲ አድባር፤

አከም ጅርቱ? እግዜር ሙቀቱን ለጠላትዎ፣ ንፋሱን ለርስዎ ያድርግ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጌታዬ ሐጂ መሐመድዘይንም ደህና ናቸው፣ ቆዳቸውም ደህና ነው፣ የቆዳው ሽታም ከኔ ጋር ደህና ተስማምቷል፤ ሰው ፉፋ መጣ የሚለው በአፍንጫው ነው።

ደብዳቤዎን ለራሴ ካነበብሁ በኋላ ለሐጂ በቅሎ አነበብሁላት። ጆሮዋን አቆመች። ዳዊት ሳልደግም ከየኔታ አለንጋ ያመለጥሁ ሰው ሚዛን ላይ ሲሾም እሷም ሳይገርማት አልቀረም።

አሁን ቁም ነገር ልናገር፤ ቶሎ ያልፍልኛልና ይታገሡኝ። ወለንጪቲ አባ መርዳሳ የሚባሉ ገበሬ አሉ። ባለፈው ዓመት ገበያ ላይ የበሬ ቆዳ ገዛኋቸው። የሚሸጥ ሰው ምርቃት ይጨምራል አይደል? «ምርቃቱ የታል?» አልኋቸው። «ምን ፈለግህ?» አሉኝ። አጠገባቸው ልጃቸው ቡዜ ቆማለች። «እሷን ይመርቁልኝ» አልሁ። እስከ ባቡሩ ሐዲድ ድረስ በዱላ ሸኙኝ። እሷ ግን ሳቀች። አያ ገርባ፣ ያ ሳቅ ነው እስካሁን ያላስተኛኝ።

ከዚያ ወዲያ እንደ ሰው ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ምን አሉ? «ልጁ በሰው ቤት ቆዳ ላይ ጨው ሲነሰንስ የሚውል ነው። ሐጂ ዛሬ ቢቆጡ ነገ የት ይገኛል? እኔ ‹እገባለሁ› ለሚል ልጅ አልሰጥም፤ ገብቶ ያየሁት ይምጣ።» የርስዎ ደብዳቤ ሲነበብላቸው ግን ጢማቸውን ጎተቱ። «እንግዲህ ሚዛኑ ላይ ቆሞ ካየሁት ሠርጉ ከዐቢይ ጾም በፊት ይሆናል» አሉ።

እና አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ሚካኤል እኮ በየወሩ ነው። የጥቅምቱ ካለፈ አሥራ ሁለት ቀኑ። ሙሴው የትኛውን ማለቱ ነው? የኅዳሩ አይደል? መቼም ፈረንጅም ቢሆን ትልቁን ትቶ ትንሹን አይጠራም። መልስዎን አይቼ ከሐጂ ቤት እወጣለሁ።

እግርዎን የምስም (ጫማዎን ካወለቁ)
ፉፋ


ጅቡቲ፣ ኅዳር 2 ቀን 1920 ዓ.ም.

ለፉፋ፤

ለጤናህ እንደምን አለህ። እኔ ደህና ነኝ።

ሕፃን የሚያውቀውን ጠየቅኸኝ። «ሚካኤል» ያለ ሰው ከኅዳር ሚካኤል ሌላ ምን ይላል? እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ሰው ቀኝ ቆሜ ከአፉ የወጣ አንድ ቃል መሬት ላይ አልወደቀብኝም። ስንቱ ባላባት፣ ስንቱ ባለ መርከብ በኔ አፍ ተነጋግሯል። አሁን አንተ የአዳማው ልጅ ቋንቋዬን ትፈትነኝ?

ከሐጂ በክብር ተሰናበት። ኅዳር 12 ከቦታህ ተገኝ።

ገርባ


አዳማ፣ ኅዳር 14 ቀን 1920 ዓ.ም.

ለማይሳሳተው አያ ገርባ፤

እግዜር ቃልዎን መሬት ላይ አያውድቅብዎ። እኔ ራሴ ግን መሬት ላይ ነኝ፤ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ከሐጂ ቤት በክብር ውጣ ብለውኝ ነበር። ክብሩ ትንሽ በዛ። የመጨረሻ ቀኔ ገበያ ነበር። ሐጂ ለሶላት ሄደዋል ብዬ በርጩማቸው ላይ ተቀመጥሁ፣ ኮፍያቸውን ደፋሁ፣ እንደሳቸው ሁለት ጊዜ ሳልሁ። ከዚያ የመጣውን ቆዳ ሁሉ ወደ ፀሐይ እያነሣሁ፣ በቢላ የተበሳውን ቀዳዳ በጣቴ እየወጋሁ፣ በሳቸው ድምፅ «ልጄ፣ ይኼ ቆዳ ነው ወንፊት? በዚህ ዱቄት ልንፋበት?» እላለሁ። ገበያው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ደስ አለኝና ባሰብኝ። በኋላ ሳቁ ባንድ ጊዜ ቆመ። ዘወር ስል ሐጂ ከኋላዬ ቆመዋል። ለካ ከመጀመሪያው ነበሩ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ኮፍያቸውን ከራሴ ላይ አንሥተው አራገፉና «ልጄ፣ ቆዳ ሳይደርቅ አይታሰርም» ብለው ገቡ።

ኅዳር ሚካኤል ዕለት ነጭ ልብስ አጥቤ ለብሼ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ጣቢያው አጠገብ ወዳለው ቦታ ሄድሁ። መጋዘን ያሉት አራት እንጨትና አንድ ገመድ ነው። ባንዱ እንጨት ላይ ፍየል ታስራለች። ፍየሏ የሀጂራ ናት፤ ለመንገደኛ ሻይ የምትሸጠዋ። እስከ ቀትር ቆሜ ብታየኝ መጣች።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ሚዛን።»

«ከየት የሚመጣ?»

«ከባሕር ማዶ።»

ወደ ፍየሏ አየች፣ ወደኔ አየች። «እሷንስ እኔ ነኝ ያሰርኋት። አንተን ማን አሰረህ?»

ማን እንዳሰረኝ ስሙን አልነገርኋትም፤ የቤተ ዘመድ ገመና ነው።

አያ ገርባ፣ ሙሴውን ይጠይቁልኝ። የባቡሩ ጢስ በታየ ቁጥር እየሮጥሁ ነው።

ፉፋ


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 1920 ዓ.ም.

ለፉፋ፤

የአባቶቻችን አምላክ ትዕግሥትን ያልብስህ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የባሕር ነገር እንደ ባቡር አይደለም፤ ነፋስ አለው፣ ማዕበል አለው፣ ጉምሩክ አለው። ኅዳር ካልሆነ እንግዲህ ታኅሣሥ ነው ማለት ነው። ሙሴ ፎርኒል በሥራ የተወጠረ ሰው ነውና በእንዲህ ያለ ነገር ማጣደፍ ነውር ይሆንብኛል። አስተርጓሚ የሚጠየቀውን ያስተረጉማል እንጂ ራሱ አይጠይቅም።

የሐጂው ነገር አሳፍሮኛል። አባትህ ቀልደኛ አልነበረም።

የአገሬ ጭኮ ባፌ ላይ መጥቷል። ቅቤው የበዛ ሆኖ ትንሽ ብትልክልኝ እመርቅሃለሁ። ለመሆኑ ዘንድሮ ጤፉ እንዴት ነው? የአክስታችን እግር ተሻላት?

ገርባ


አዳማ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1920 ዓ.ም.

ለአያ ገርባ፤

እግዜር የጠየቁትን ይስጥዎ፤ እኔ የጠየቅሁትን ግን ማን ይስጠኝ?

ጤፉ ደህና ነው። የአክስታችን እግር አልተሻላትም፣ ምላሷ ግን እየሮጠ ነው። ጭኮውን በባቡሩ ለሚወርድ ሰው አስይዤ ልኬያለሁ፤ ቅቤውን አብዝቼ፣ ሚጥሚጣውንም ረሳሁ ብዬ ሁለት ጊዜ ጨምሬበታለሁ። ሲያቃጥልዎ ያስቡኝ።

የታኅሣሡ ሚካኤልም መጣ፣ ሄደ። አራቱ እንጨት ሦስት ሆኗል፤ አንዱን ሀጂራ ማገዶ አድርጋዋለች። ይቅርታ ጠየቀችኝ! የመጋዘኑ ሹም መስዬያታለሁ።

ሐጂ ዘንድ ተመለስሁ። ኩራቴን ውጬ «ሐጂ፣ አጥፍቻለሁ፣ ጨው መነስነሱን ይመልሱልኝ» አልኋቸው። በቦታዬ ሽኩር የሚባል ልጅ ገብቷል። ሐጂ በርጩማቸውን ወደኔ ገፉት። «ሥራ የለኝም። ወንበሩ ግን የለመድኸው ነው፣ ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥሁ፤ ምን ላድርግ? ሽኩር ሲሠራ፣ ሰው ሲገባ ሲወጣ፣ እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ ማታ ተቀመጥሁ። ማንም አልሳቀ፣ ማንም አላናገረኝ። ሲመሽ «ነገም ና፣ ወንበሩ የትም አይሄድም» አሉኝ። እኔ በሰው ላይ ብዙ ተጫውቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ጨዋታ ግን አልችልም።

አሁን ደግሞ ሞጆ ያለ የበቅሎ ነጋዴ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ለቡዜ ሽማግሌ ልኳል። አባቷ «ቀድሞ የጠየቀኝ አለ» ብለው መልሰውታል፤ ግን በሩን አልዘጉትም።

ስለዚህ አያ ገርባ፣ ነውሩ ለኔ ይሁን፣ አንዲት ጥያቄ ለሙሴው ያቅርቡልኝ፤ «የትኛው ሚካኤል?» ይበሉት። ሦስተኛ ቃል የለውም።

ፉፋ


ጅቡቲ፣ ጥር 5 ቀን 1920 ዓ.ም.

ለተወደድኸው ለወንድሜ ለፉፋ፤

የሰማይ ጠል የምድር በረከት አይለይህ። ሥራህ ይባረክ፣ ደጅህ ይስፋ፣ ዘርህ ይብዛ። መልካም ልጅ ነህ። አባትህም መልካም ሰው ነበር።

ጭኮው ደርሶኛል። ሚጥሚጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ ግን ጥሩ ነው፣ ልቅሶም ለሰው ጥሩ ነው። እዚህ አሁን ቀዝቀዝ ብሏል። ወደቡ ላይ አንድ ትልቅ መርከብ ገብቶ ሰው ሁሉ ሊያይ ወጥቶ ነበር። ጣሊያኖች የሠሩት ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የእንግሊዝ ነው ይላሉ።

ጉዳይህ በእጄ ነው፣ አልተረሳም። ሁሉም ጊዜ አለው። ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል። ለአክስታችን እግር የሚሆን ቅባት ፈልጌ እልካለሁ። በጸሎትህ አስበኝ።

ሁልጊዜ የሚያስብህ
ገርባ


አዳማ፣ ጥር 14 ቀን 1920 ዓ.ም.

ለአያ ገርባ፤

ምርቃትዎ ደርሶኛል። በጣም ብዙ ነው። እርስዎ መራቂ እንዳልነበሩ ስለማውቅ ፈራሁ። ደብዳቤውን ገለበጥሁት፣ ወደ ብርሃን አነሣሁት፣ እንደ ቆዳ ቀዳዳ ፈለግሁበት። መርከቡ አለ፣ ቅባቱ አለ፣ ያንዲቷ ጥያቄ መልስ የለም።

ዛሬ ቀልድ ቢያመልጠኝ ሳልፈልግ ነው። እባክዎ እንደ ሰው ያንብቡኝ።

ትናንት ወለንጪቲ ሄጄ ነበር። ከጥምቀቱ የተመለሰ ሰው መንገድ ሞልቶ ነበር፤ ሁሉም «ፉፋ፣ ሚዛኑ መጣ?» ይለኛል። ሕፃናት ሳይቀሩ። አንዱ ደግሞ ድንጋይ በሁለት እጁ እያመዛዘነ ተከተለኝ። ቀልደኛ ሰው ላይ ሲቀለድ ማንም አያዝንለትም።

አባ መርዳሳ ግን አልሳቁም። ከበረቱ አጥር ላይ ተደግፈው ያሉኝን ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ፤ እርስዎ በቃል አዋቂ ነዎትና። «አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ቀን ያለው ነገር ሩቅ አይደለም። መስከረም ነው ቢሉህ እስከ መስከረም እጠብቃለሁ፤ ቡዜም ትጠብቃለች። ቀን የሌለው ነገር ግን ነገ ቢሆንም ሩቅ ነው። ያ ዘመድህ ቀኑን በወረቀት ይጻፍልህ፤ ወረቀቱን አምጣና አሳየኝ። እስከ ጥር መጨረሻ ካልመጣ ግን ለሞጆው ሰው እሺ እላለሁ፤ እኔም የምድራት ሌላ ልጅ የለኝም፣ ስሟ ገበያ ላይ እንዲውል አልፈቅድም።»

ስወጣ ቡዜ ውኃ ይዛ በአጥሩ በኩል ቆማ ነበር። «የምታመጣው ወረቀት አንተ የጻፍኸው እንዳይሆን» አለችኝ። እሷም ታውቀኛለች። «እኔ እንዲህ ያለ የእጅ ጽሕፈት የለኝም» አልኋት። ሳትስቅ ገባች።

አየህ ነገሩን — ይቅርታ፣ አዩ ነገሩን — ሩቅ መሆኑ አይደለም የሚያጠፋኝ። ሩቅም ይሁን። የሚቀጥለው ዓመትም ይሁን። በእጅዎ አንዲት መስመር ይጻፉልኝ። ቀን ብቻ።

ፉፋ


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1920 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፉፋ፤

ደብዳቤህና ጭኮው ትናንት ደረሰኝ። ዛሬ ጧት ሙሴ ፎርኒልን ጠየቅሁት። «ያ በጥቅምት ያልኸው ሚካኤል የትኛው ነው?» አልሁት።

ጥያቄው አልገባውም ነበር። በኋላ ሲገባው ሳቀ። በነሱ አገር ሚካኤል በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው። ሎሌ የሚገባበት፣ እርሻ የሚከራይበት ቀን ነው፤ «ሴን ሚሼል» ሲሉ እንደኛ ወር በወር የሚዞር ታቦት አይደለም። በኛ አቆጣጠር መስከረም 19 ይውላል። በጥቅምት ሲነግረኝ የዘንድሮው ካለፈ ወር ሊሞላው ነበርና ያለው የሚመጣውን ነው። መጋዘኑም ከክረምት በኋላ ነው የሚሠራው። ሥራህ የሚጀምረው መስከረም 19 ቀን 1921 ነው። ይህ እርግጥ ነው።

«አንተ ይህን አታውቅም ነበር?» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልሁት።

ፉፋ፣ ቃሉን ሰምቼዋለሁ፤ ሚካኤልንም አውቀዋለሁ። ሁለቱን አውቄ መሐላቸው ያለውን አላወቅሁም። ያለ ሥራ ያስወጣሁህ እኔ ነኝ። ይህን የምጽፍልህ …

የካቲት 13 ቀን። ከላይ ያለውን ጽፌ ሳልጨርስ ሳጥን ውስጥ ከትቼው ነበር። ዛሬ እልከዋለሁ። ጾም ገብቷል፤ በጾም ማንም አይድርም፣ እስከ ፋሲካ ጊዜ አለ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ቀኑን ለልጅቱ አባት አሳያቸው፤ በእጄ የጻፍሁት ነው፣ ስሜንም ከሥሩ አኑሬያለሁ። ለሙሽራዋ የሐር ሻሽ አብሬ ልኬያለሁ። ሙሴው በመስከረም ይጠብቅሃል።

ገርባ


አዳማ፣ የካቲት 20 ቀን 1920 ዓ.ም.

አያ ገርባ፤

ቡዜ የካቲት 4 እሁድ ተዳረች። ሞጆ ገብታለች።

ጥር 30 ቀን ወለንጪቲ ሄጄ ነበር፤ ባዶ እጄን። አባ መርዳሳ ከሽማግሌዎቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። «ቀኑ ታወቀ?» አሉኝ። ምን ልበል? ራሳቸው ያሉት ቃል አፌ ላይ መጣ። «ታውቋል። መስከረም ነው» አልሁ። «ወረቀቱስ?» አሉኝ። «መንገድ ላይ ነው» አልሁ። ያን ጊዜ ያ ድንጋይ የሚመዝነው ልጅ ከበር ሆኖ «ሚዛኑም መንገድ ላይ ነው!» አለ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። አባ መርዳሳ ብቻ ጭንቅላታቸውን ይዘው «እኔ እኮ ዛሬ እንኳ አይቀልድም ብዬ ነበር» አሉ። በጣም አዝነው ነው ያሉት። ከዚያ ሁሉ ሳቅ የገደለኝ ይኸ ነው።

እኔ እንደዋሸሁ አውቄ ነው የወጣሁ። አሁን ወረቀትዎን ሳነብ ለካ እውነት ተናግሬያለሁ። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ለአባ መርዳሳ እውነት ተናገርሁ፤ ምስክሬ ግን ጅቡቲ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶበት ነበር።

ታኅሣሥ 20። እየደጋገምሁ አየሁት። ባቡሩ ሦስት ቀን ነው የሚፈጅበት። በጥር «በጸሎትህ አስበኝ» ብለው ሲጽፉልኝ ያቺ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ነበረች። እኔ «አንዲት መስመር» ብዬ ስለምንዎት የለመንኋት መስመር ተጽፋ ተቀምጣ ነበር። መሳሳትዎን አልከስም። ሚካኤል ሁሉንም ያሳስታል፤ እኔም ብሆን እሳሳት ነበር። እርስዎ ግን ለኔ ሲሉ ሳይሆን «አውቃለሁ» ላሉት ለፈረንጁ ሲሉ ደበቁት። የኔ ቤት ይፍረስ፣ የርስዎ አስተርጓሚነት ይቁም። እንዲህ ነው አይደል? እኔ የደበቅሁት የሰው ጫማ ነው፣ ቢበዛ የየኔታን ከዘራ ነው። ሰው ሲፈልገው አውጥቼ እሰጣለሁ።

ሻሹን ለእናቷ ሰጥቼ አስላክሁት። ለሙሽራ የተላከ ዕቃ እኔ ዘንድ ምን ይሠራል? ሙሽራዋ እሷው ናት፤ ባሏ ብቻ ነው ሌላ። እናቷ በመዳፏ ዳሰሰችውና «ምነው ይህን ያህል የሚያምር» አለች፤ ይዛውም ወደ ጓዳ ገባች።

ሐጂ ትናንት አስጠሩኝ። ሰምተዋል። በርጩማቸውን ወደኔ አልገፉም። ከኔ ጋር ቆዳ ላይ መሬት ተቀመጡና «ጨው መነስነሱ ክፍት ነው፤ ሽኩር ይረዳሃል» አሉኝ። አመሰገንሁ፤ እምቢ አልሁ። ይህ ከተማ በእያንዳንዱ ባቡር ፉጨት «ሚዛኑ መጣ» ሲለኝ ልሰማ አልችልም። በሚመጣው ማክሰኞ እህል ሊያመጡ አርሲ ነገሌ ከሚወርዱ ባለ አህዮች ጋር እሄዳለሁ። ከዚያ ወዲያ የት እንደምሆን እኔም አላውቅም፤ ባውቅ ቀኑን እነግርዎት ነበር።

መስከረም 19 ሚዛኑ ይምጣ። የሚቆምበት ሌላ ሰው ይፈልጉ። እኔ እዚያ ብቆም ወለንጪቲም ሞጆም ጭነት የሚያወርዱት እፊቴ ነው፤ ባሏ «ፉፋ፣ መዝንልኝ» ሲለኝ ምን ብዬ እንደምመዝን አላውቅም። የዋስነትዎን ነገር እርስዎ ይጨርሱት። ለሙሴ ፎርኒል «ፉፋ አይመጣም» ብለው ይንገሩልኝ። አጭር ነው፤ የሚጣመምበት የለውም።

ፉፋ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 5 ቀን 1920 ዓ.ም.

ለፉፋ፤

ይህ ወረቀት ሳትሄድ እንደማይደርስህ አውቃለሁ። ከአርሲ ነገሌ እስክትመለስ እንዲያስቀምጡልህ በሐጂ መሐመድዘይን ስም ልኬዋለሁ።

የካቲት 24 ደብዳቤህ ደረሰኝ። በዚያው ዕለት ለሙሴው ነገርሁት። ቀን አላሳለፍሁበትም።

«ፉፋ አይመጣም» አልሁት፤ እንዳልኸው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ።

ብዕሩን አስቀምጦ ቀና አለ። «ለምን?» አለኝ። አልተቆጣም፣ ሊያውቅ ብቻ ነው። ጸሐፊዎቹም ዘወር ብለው ያዩኛል።

እኔ ለዚህ ሰው የጉምሩክ ሕግ አስተርጉሜያለሁ። የሰው ፍርድ፣ የሰው ኑዛዜ አስተርጉሜያለሁ። አፌን ከፈትሁ። ስለ ልጅቱ ልነግረው ነበር፤ ስለ ሳጥኑ ልነግረው ነበር። በሁለቱም ቋንቋ ፈለግሁ። እሱ ይጠብቃል።

«ቃሉን አላውቀውም» አልሁት።

ገርባ